ስለቱ ይቆይ፣ ማጠፊያውን እዩ፦ ለባሕር ዳር ሰው የሚሆን ርካሽ ሰንጢ

ሰንጢ የሚለው ቃል ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ሲጠራ ቶሎ ፊታችን የሚመጣው ጨለማ ቅያስና ዱርዬ ነው። በቀደም አንድ ካፌ ተቀምጬ ብርቱካን ልልጥ ከኪሴ ሳወጣ አስተናጋጇ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ኧረ ለብርቱካን ነው!» አልኳት። ሳቀች። ግን በልቼ እስክጨርስ ጠረጴዛዬ ጋ ዝር አላለችም።

ያለ ሰንጢ ከቤት አልወጣም። ፀብ ስለምወድ አይደለም፤ ፀብ ካየሁ ሳይክሌን አዙሬ የምሄድ ሰው ነኝ። የባሕር ዳር ኑሮ ራሱ ስለት ይጠይቃል። ጠዋት የማዳበሪያ አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ እበጥሳለሁ። ቀን ካርቶን እከፍታለሁ፣ ያረጀ የሳይክል ጎማ ቆርጬ ዕቃ ማሰሪያ አደርጋለሁ። ማታ ሐይቁ ዳር ከልጆቹ ጋር ሸንኮራ እንልጣለን። ማንጎ ሲደርስማ አይወራ። «ጥርስ ያለው ሰው ማንጎ በጥርሱ ይልጣል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሸሚዙን የሚያጥብለት ሰው ካለው።

በዚህ የተነሳ ወዳጅ ዘመዱ ሰንጢ ሊገዛ ሲያስብ እኔን ይጠይቃል። «የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። ላለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ገዝቻለሁ፣ ሰብሬአለሁ፣ ጥያለሁ። አንዱንም ታንኳ ላይ ሆኜ ጣና በልቶብኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ዋጋ በቁጥር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ብር በሚቀጥለው ወር መሳቂያ ያደርገኛል። ርካሽ ስል፣ ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሳ ማለቴ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለባት ምስማር

ገበያ ላይ ሰው ሰንጢ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይከፍተዋል። አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ ያሻሻል። የክንዱን ፀጉር ይላጭበታል። «አሪፍ ነው» ብሎ ይከፍላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስለት ግን የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው። (እናቴ ስለት የሚል ቃል ስትሰማ ቶሎ ትዝ የሚላት ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ተስላ እስካሁን ያላገባችው ጃንጥላ ነው። እኔ የምለው የቢላውን ነው።) ዱልዱም ቢላ ድንጋይ ካገኘ በሩብ ሰዓት ይሳላል። ማጠፊያው የላላ ቢላ ግን አንዴ ከላላ ላላ ነው።

ብረቱና እጀታው የሚጋጠሙባት ያቺ ትንሽ ምስማር ናት ሰንጢን ሰንጢ የምታደርገው። ጣትን የምታተርፈውም የምታስቆርጠውም እሷ ናት። ውሃ የሚገባው እዚያ ነው። የማንጎ ጭማቂ የሚደርቀው እዚያ ነው። ዝገትም የሚጀምረው እዚያው ነው። ብረቱን በጨርቅ ትወለውሉታላችሁ፤ ማጠፊያው ውስጥ ግን ጨርቅ አይገባም።

እኛ ደግሞ ውሃ ዳር ነው የምንኖረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ አልደርቅ ይላል፣ የበር እንጨት ያብጣል፣ የሳይክል ሰንሰለት ይዝጋል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ ያመሰገነው ሰንጢ እዚህ ሁለት ክረምት ላይዘልቅ ይችላል።

ማጠፊያዎች በአጭሩ እንዲህ ናቸው። አንዱ ምንም የማይዘው ነው፤ ብረቱ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በምስማሩ ጥብቀትና በእጃችሁ ጭብጥ ብቻ ነው። ሌላው ባለ ሞላ ነው። ከጀርባ ያለው ሞላ ብረቱን ገፍቶ ይይዘዋል፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ጠቅ ይላል። ይህ ግን መቆለፍ አይደለም፤ ከጀርባው በኃይል ከተገፋ ይታጠፋል። ከዚያ የሚቆለፈው አለ፤ አንዳንዱ በቀለበት፣ አንዳንዱ በጀርባ፣ አንዳንዱ በጎን ባለች ስስ ብረት። የመጨረሻው ማጠፊያ የሌለው ነው። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ብዙ የምለው አለኝ።

መደብ ላይ የተዘረጋው

ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ከባትሪ ድንጋይ፣ ከቁልፍ መያዣና ከጥፍር መቁረጫ አጠገብ ተደርድረው የምታዩዋቸው ናቸው። አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ ግማሽ ስለታቸው መጋዝ የሆነ፣ መልካቸው የጦር ፊልም የሚያስታውስ። ሰው ይፈራቸዋል፤ ማንጎ ግን አይፈራቸውም። ብረታቸው ወፍራም ስለሆነ ማንጎውን ከመላጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል።

አንዱን ገዝቼ ነበር። አከፋፈቱ ደስ ይል ነበር፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠሽ ብሎ ይከፈታል። በጎኑ ባለች ስስ ብረት ይቆለፋል። ሁለት ወር በደንብ ሠራ። ከዚያ አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ሸንኮራ እየላጥኩ አንጓው ጋ ስደርስ ጫን አልኩት። ብረቱ አንጓው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ላወጣው ወደ ኋላ ስነቀንቀው መቆለፊያው ሸርተት አለ። አመልካች ጣቴ ላይ ታጠፈ። ሦስት ስፌት። የሰፋችኝ ነርስ «ምን ስትሠራ ነው?» አለችኝ። «ሸንኮራ» አልኳት። አላመነችኝም። ስሙ ጠፍቷል ብያችሁ የለ?

ያቺ የጎን ብረት ለስላሳ ስትሆን ቀስ እያለች ትበላለች። መጀመሪያ ቀን ጥሩ የነበረው በሁለት ወሩ የሚከዳው ለዚህ ነው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው አልልም፤ ከመካከላቸው በደንብ የተሠራ ይገኛል። ችግሩ መንታ ከሚመስሉ ሁለት ሰንጢዎች አንዱ ደህና ሌላው ጉድ መሆኑ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ ፈትሹት። ክፈቱትና ብረቱን ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ተዉት። ዝጉትና ከላይ እዩት፤ ብረቱ መሃል ላይ ካልተቀመጠ፣ አንዱን ጎን ከፋቀ ተዉት። ከዚያ ክፈቱት፣ ጣቶቻችሁን ከሚታጠፍበት መንገድ አርቁ፣ የብረቱን ጀርባ እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። መቆለፊያው ከሸሸ አመስግናችሁ ሂዱ። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ጣቱ የእናንተ ነው።

አንድ ጥሩ ጎን አላቸው። ብዙዎቹ በምስማር ፋንታ ብሎን ነው ያላቸው። ሲላላ ይጠብቃል፤ ሲቆሽሽ ይፈታል፣ ይታጠባል። ፈትቶ መግጠም የሚወድ ሰው ከሆናችሁ፣ ፈትሻችሁ የመረጣችሁት የገበያ ሰንጢ ሊያገለግላችሁ ይችላል። ሸንኮራ ላይ ብቻ አትመኑት።

እግረ መንገዴን፦ ሥራችሁ ካርቶን መክፈት ብቻ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ከተር ግዙ። ከዚያ የሚረክስም የሚስልም የለም። ምግብ ላይ ግን አታሳርፉት፤ ጫፉ እየተሰበረ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ስለት ነው፣ ስባሪው ሰላጣ ውስጥ ቢገባ አታዩትም።

ኦፒኔል፣ ክረምት ላይ የሚያኮርፈው

ፈረንሳይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ጫማ እላታለሁ ብላ ነበር። ኦፒኔል ቁጥር 8 አልኳት። እዚያ አገር ገበሬው ዳቦና አይብ የሚቆርስበት ተራ ቢላ ነው። ሳቀችብኝ፤ ግን ሻንጣዋ ውስጥ ከታ አመጣችው። በእጅ ቦርሳ ብትይዘው ኖሮ አየር ማረፊያ ይቀር ነበር።

ይህን ቢላ በፈረንጆቹ 1890 መሥራት የጀመረው ዦሴፍ ኦፒኔል የተባለ የሳቮዋ ሰው ነው፤ ሳቮዋ የፈረንሳይ ተራራማ አገር ናት። በ1897 ለየመጠኑ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥር 8 ብረቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለኪስ ልኩ እሱ ይመስለኛል። ቁጥር 6 ለእጅ ቦርሳ ይበቃል። ከ10 በላይ ያሉት ከኪስ ወጥተው ወጥ ቤት ይገባሉ።

ጠቅላላው አምስት ቁራጭ ነው፦ ብረት፣ የእንጨት እጀታ፣ ምስማር፣ ቋሚ ቀለበትና የሚዞር ቀለበት። የሚዞረው ቀለበት በ1955 የተጨመረ ነው። ቢላውን ከፍታችሁ ቀለበቱን ስታዞሩት ብረቱ የሚታጠፍበት መንገድ ይዘጋል። የምወድለት ነገር ይህ ነው፤ መቆለፉን ዓይናችሁ ያየዋል። ውስጥ የተደበቀች ስስ ብረት ያዘችልኝ አልያዘችልኝ ብሎ መጠራጠር የለም። ማዞሩን ካልረሳችሁ ማለቴ ነው። እኔ እረሳለሁ።

ብረቱ ስስ ነው፤ የማንጎ ልጣጭ በረዥሙ ሳይበጠስ ይነሳለታል። ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ገመድ፣ ምንም አይለው። ሚያዝያና ግንቦትን እንዲህ ተዋደን አሳለፍን።

ሐምሌ መጣ። አንድ ቀን ዝናብ ኪሴ ድረስ አበሰበሰኝ። በማግስቱ ሰንጢው አልከፈት አለ። እጀታው ቢች ከሚባል የአውሮፓ እንጨት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ጥፍሬን ሰበርኩበት። በፒንሳ ጎተትኩት። አክስቴ ዳር ሆና እያየች «ፈረንሳዩ አኮረፈ» አለች።

ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ሳቮዋዎቹ ራሳቸው ለዚህ መላ አላቸው። እጀታውን ጨብጠው የኋላ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ያደርጉታል፤ ብረቱ ትንሽ ብቅ ይልላቸዋል። ይሠራል። የባሰ እርጥበት ካለ ግን ደጋግሞ መምታት ነው፤ ካፌ ውስጥ ደግሞ ያሳፍራል። ዘላቂውን መፍትሔ በበጋ ሠራሁት። እጀታው አጥንት እስኪመስል ሲደርቅ ብረቱ የሚገባበትን ስንጥቅ በብርጭቆ ወረቀት አሰፋሁት። ከዚያ የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ አደረቅሁት፣ እንደገና ቀባሁት። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ውሃውን ይከለክላል። አሁን ክረምት ላይ ጠበቅ ይላል እንጂ አያኮርፍም። ቢሆንም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትጠቡት።

ሁለት ዓይነት ብረት አለው። አንዱ የሚዝገው፣ ካርቦን የሚሉት፤ ሌላው የማይዝገው፣ ኢኖክስ። ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን በጣም ያሞግሱታል፣ ስለቱ ቶሎ ይመለሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ድንጋይ ላይ ቶሎ ይታዘዛል። ግን የዘጌ ሎሚ ቁረጡበትና እዩት። እዚያው ፊታችሁ ይጠቁራል። አክስቴ አንዴ በጓደኛዬ ካርቦን ቢላ ሎሚ ቆርጣ «ሎሚው ብረት ብረት አለኝ» ብላ ጣለችው። ጥቁረቱ አይጎዳም፣ እንዲያውም ከቀይ ዝገት ትንሽ ይከላከላል። ለጣና ዳር ሰው ግን ኢኖክሱን ግዙ እላለሁ። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ስላለው ነው ዝገትን የሚቋቋመው። «የማይዝግ» ሲባል ጨርሶ አይዝግም ማለት እንዳልሆነ ግን እወቁ። እርጥብ ኪስ ውስጥ ለሳምንት የረሳችሁት እሱም ነጠብጣብ ያወጣል።

ቀዩና የአክስቴ ጥያቄ

ቪክቶሪኖክስን ስሙን ባታውቁት መልኩን ታውቁታላችሁ። ቀይ፣ መስቀል ያለበት፣ የስዊስ። ካርል ኤልስነር የተባለ ሰው በ1884 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባኽ በምትባል ቦታ የከፈተው የቢላ መሥሪያ ነው። ከ1891 ጀምሮ ለአገሩ ጦር ቢላ አቀረበ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ባለ ብዙ ዕቃው ዓይነት የመጣው በ1897 ነው። የተለመደው መጠን ሲታጠፍ 9.1 ሳንቲ ሜትር ነው።

ርካሽ ነው ወይ? ሃያ ዕቃ የተሸከመው አይደለም። ሁለት ስለት፣ ጣሳ መክፈቻና ጠርሙስ መክፈቻ ብቻ ያለው ግን ከሌሎቹ ብዙ አይርቅም። ዋጋው በየድርቡ ነው የሚጨምረው። መጋዝና መቀስ ያለውን አይታችሁ ልባችሁ እንዳይሸፍት። የቲማቲም ድልህ ጣሳ መክፈቻውን በወር ሁለት ሦስቴ እጠቀምበታለሁ፤ መጋዙን በሕይወቴ አንዴ። ወረንጦዋና የጥርስ መጎርጎሪያዋ በመጀመሪያው ዓመት ይጠፋሉ። ካልጠፉባችሁ ከእኔ የተሻላችሁ ሰው ናችሁ።

ኮፒው ብዙ ነው። ቀይ ሆኖ መስቀል ያለበት ሁሉ የስዊስ አይደለም። የዋናው ትልቁ ስለት ሥር፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ የፋብሪካው ስም ተቀርጾበታል። ሞላውም ይናገራል። ዋናው ሲከፈት ጠንከር ያለ ጠቅታ ይሰጣል፣ ሲዘጋም ይስባል። ኮፒው እንደ ደከመ በር ነው።

ባለ ሞላ እንጂ የሚቆለፍ አይደለም፤ ስለዚህ ሸንኮራ ክልክል ነው። ማጠፊያውን በተመለከተ ግን ለዚህ ከተማ ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ምክንያቱ ይታጠባል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ደጋግማችሁ ትከፍቱትና ትዘጉታላችሁ፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ ታደርቁታላችሁ፣ ጠብታ ዘይት ታደርጉበታላችሁ። የሚያብጥ እንጨት የለውም።

መታጠቡ ደግሞ በእኛ ቤት የንጽህና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አክስቴ ጋ ሄጄ ሽንኩርት ልከትፍላት ሰንጢዬን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ይኼ የጾም ነው የፍስክ?»

«አክስቴ፣ አጥቤዋለሁ እኮ።»

«ብረቱን አጠብክ። መታጠፊያው ውስጥ ያለውን ማን አጠበው?»

መልስ አልነበረኝም። ከቅበላ ቀን ጀምሮ ምን እንደነበረበት እግዜር ይወቀው። ቀዩን ፊቷ በፈላ ውሃ አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ ሳሳያት ነው የፈቀደችው። ኦፒኔሉን እስከ ፋሲካ አላስቀረበችውም፤ «እንጨት ቅባት ይጠጣል» ብላ። እሷ ስለ ማጠፊያ ከእኔ በፊት ገብቷታል።

በጨረፍታ

እጄ ገብተው ካየኋቸው ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ። የጀርመኑ መርካቶር ከዞሊንገን ነው፤ ከታጠፈ ጥቁር ላሜራ የተሠራ፣ ድመት የታተመችበት፣ በጀርባ የሚቆለፍ። በጣም ስስ ስለሆነ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ አይታወቅም። የሚያብጥ ነገር የለውም፤ የላሜራው ቀለም ሲላጥ ግን መዛግ ይጀምራል። የፈረንሳዩ ዱክ ዱክ ከ1929 ጀምሮ ቲዬር ከተማ የሚሠራ ነው። እሱም ላሜራ ነው፣ ሞላው ግን ጥፍር የሚፈትን ነው፤ ለወጣት ጣት። ኦካፒን ከኬንያ የተመለሰ ሾፌር ነው ያሳየኝ። በ1902 ጀርመን ውስጥ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በኋላ ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞሯል። ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው፤ ለመዝጋት ከጀርባው ያለችውን ቀለበት መሳብ ነው። ጥሩ ቢላ ነው፣ ድምፁ ግን እዚህ አይመከርም። ካፌ ውስጥ ብትከፍቱት አስተናጋጇ ብቻ ሳትሆን ደንበኛውም ይወጣል።

ማጠፊያ የሌለው፣ ሲቀጥልም ያለው

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያበልቱትን ልጆች እጅ እዩ። ታጣፊ አይዙም። የቀረሶ ቅርፊትና የአምባዛ ልጋግ ማጠፊያ ውስጥ ገባ ማለት በማግስቱ ሽታው ሱሪያችሁን አልፎ ይሄዳል። እነሱ የሚይዙት ቀጥ ያለ፣ ስስ፣ ከመሳል ብዛት የጠበበ ቢላ ነው። የማይታጠፍ ነገር ማጠፊያው አይበላሽም።

እንደዚህ ያለ ትንሽ ቢላ ባለ እጆች ይሠራሉ። ከሁሉም ይረክሳል፤ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም ይበረክታል። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ከባላስትራ ነው ከፌሮ?» ባላስትራ የመኪና መሸከሚያ ብረት ነው፣ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ሲጠጣ ይጠነክራል። የቤት ፌሮ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብትስሉት በአንድ ሽንኩርት ይደነዝዛል። የባለ እጁን ቃል ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሞረድ ያዙ። ስለቱ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ሞረዱ ቢንሸራተት ጠንክሯል፤ ቢነክሰው ለስላሳ ነው። እጀታውንም ነቅንቁት። ወይራ ወይም ቀንድ ከሆነ እሰዬው።

እነዚህን ሰዎች ስንት ዘመን «ቀጥቃጭ» ብለን ሰደብናቸው፣ ቡዳ ብለን ሸሸናቸው። ማረሻውን ግን ከእነሱ ነው የገዛነው። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡት።

አሁን ወደ ኪስ ልመለስ። አንድ ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ መምህር ሂጎኖካሚ የሚባል ሰንጢ አሳይቶኝ ነበር። ሚኪ ከተማ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ነው። እጀታው አንድ የታጠፈ ላሜራ ነው። ሞላ የለው፣ መቆለፊያ የለው። ከብረቱ ጀርባ የወጣች ጅራት አለች፤ ክፍት ሲሆን አውራ ጣታችሁን እሷ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ቢላውን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ጣታችሁ ነው። በቃ። ምስማሩ ሲላላ በመዶሻ ጠቅ ጠቅ ነው፣ ይጠብቃል። ላይ «አንዴ ከላላ ላላ ነው» ያልኩት ለዚህ አይሠራም።

ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሥዬ አንድ ለማውቃቸው ባለ እጅ ወሰድኩ። አገላብጠው አዩትና «ለዚህ ነው የፈረንጅ አገር የምትሮጠው?» አሉኝ። በሳምንቱ ከባላስትራ ስባሪና ከቆርቆሮ ወፈር ካለ ላሜራ ሠርተው ሰጡኝ። መልኩ ይቅርብኝ። ክብደቱ የበር ቁልፍ ነው፣ ላሜራው ጠርዙ እጅ ይፍቅ ስለነበር ራሴ ሞረድኩት። ግን አራት ዓመት ሆነው። ሲላላ እሳቸው ጋ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ ይመቱልኛል፣ ገንዘብ አይቀበሉም። ብሎን ያላቸውን ካልቆጠርን፣ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚጠገን ማጠፊያ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሸንኮራ የምልጠውም በእሱ ነው፤ በአውራ ጣቴ ጅራቱን ይዤ። ጉዳቱ ዝገቱ ነው። በየሳምንቱ ዘይት ካላየ ክረምት ላይ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለሰነፍ ሰው አይሆንም።

ዘይትና ሲኒ

ስለ ዘይት ካነሳን፦ ማጠፊያ ውስጥ ኑግ አታድርጉ። ወጥ ቤት ያለው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ እሱን ያንጠባጥባል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ይወፍራል፣ ሙጫ ይሆናል። ለእንጨት እጀታ ጥሩ የሚሆነው ጠባዩ ለምስማር መርዝ ነው። ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱና የማሽን ዘይት አንድ ጠብታ ለምኑ። ቀጭን ነው፣ አይደርቅም። ስለቱ ላይ የቀረውን ምግብ ከመቁረጣችሁ በፊት ጥረጉት።

ለመሳል ደቃቅ ድንጋይ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ሲኒ ገልብጡ። የሲኒው ቂጥ ዙሪያውን ያልተለበጠ ሸካራ መስመር አለው፤ እሱ ላይ ብረቱን ወደ 20 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ በስሱ ሽፋን እንደምትልጡ አድርጋችሁ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን ጎትቱት። የደነዘዘውን አያድነውም፤ የደከመውን ግን ያነቃዋል። ሲኒውን ካጠባችሁ ማንም አያውቅም።

በኤሌክትሪክ ድንጋይ ለሚስል ሰው ስስ ሰንጢ አትስጡ። ብልጭታው ያምራል፤ ብረቱ ግን ይግላል። ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥንካሬው እዚያ ቦታ ላይ ሄዷል።

ኪሴ ውስጥ ያለው

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ኢኖክሱን ኦፒኔል እይዛለሁ። ሰኔ ሲገባ ቀዩ ይተካዋል። የባለ እጁ ሰንጢ የሳይክሌ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ለሸንኮራና ለጎማ። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ እጃችሁ ውሃ የማይለየው ከሆነ ቀዩን፣ ካልሆነ ኦፒኔሉን እላለሁ። ዓሣ የምታበልቱ ከሆነ ሁለቱንም ተዉና ባለ እጅ ጋ ሂዱ።

ማታ ስወጣ፣ ሠርግም መጠጥ ቤትም ስሄድ ቤት እተወዋለሁ። አውሮፕላን ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ነው። ፍተሻ ባለበት ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ለማንጎ ነው ብትሉ የሚሰማችሁ የለም።

በቀደም አንድ ባንክ በር ላይ ጥበቃው ኪሴን ዳሰሰና «ይኼን ይዘህ አትገባም» አለኝ። ቤት ደርሼ መመለስ ሰነፍኩ። በሩ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነበር። «ማሙሽ፣ አምስት ደቂቃ ያዝልኝ» ብዬ ኦፒኔሉን ሰጠሁት። ሲስተም የለም ተብሎ አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። ስወጣ ልጁ ሦስት ማንጎ ልጦ ለጓደኞቹ አከፋፍሏል። ሰንጢውን ጠርጎ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀለበት ስትዞር ትቆልፈዋለች» አለኝ። «ታውቃለህ?»